ረቂቁን ማን ይየው? የሶፍትዌር ቡድን ጽሑፍና አስተያየቱ

የሶፍትዌር ቡድን ከኮድ ሌላ ብዙ ነገር ይጽፋል። አዲስ ነገር ሲለቅ ለደንበኛ ያስታውቃል። አንድን ችግር እንዴት እንደፈታው ለሙያ ጓደኞቹ ያካፍላል። ሲስተሙ ሲወድቅ ደግሞ ምን እንደተፈጠረ ማስረዳት አለበት። ከሁሉም ከባዱ ይሄ የመጨረሻው ነው፤ ባለሙያዎቹ ፖስትሞርተም ይሉታል። አገልግሎት ተቋርጧል። ደንበኛ ተቆጥቷል። ቡድኑ እንቅልፍ አላገኘም። በዚህ መሀል አንዷ ኢንጂነር ቁጭ ብላ ረቂቅ ትጽፍና "እስቲ እዩልኝ" ብላ ለሌሎች ትልካለች።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ይሆናል። አንደኛው ዝምታ ነው። የቴሌግራም ግሩፑ ላይ ሁለት አውራ ጣት ይመጣል፣ አንድ ሰው "አሪፍ ነው፣ በርቺ" ይላል፣ አለቀ። እውነተኛው አስተያየት የሚሰማው ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ቡና ላይ ነው፤ "እኔማ ገና ሳየው ከንክኖኝ ነበር" ተብሎ። ሁለተኛው ጎርፍ ነው። ጉግል ዶክሱ በኮመንት ይጥለቀለቃል። አንዱ "ስራ" የሚለውን በንጉሡ ሠ ያርማል፣ ሌላው መልሶ እሳቱን ሰ ያደርገዋል። አንዱ አንቀጽ ይጨምራል፣ ሌላው ያንኑ ያወጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ኮመንት ሲያብር ግን የሚታሰረው ጸሐፊው ነው።

ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው። አንባቢዎቹ ምን እንደሚፈለግባቸው አልተነገራቸውም። ግማሹ የተጠየቀው ሙገሳ መስሎት ያሞግሳል። ግማሹ የተጠየቀው ጥገና መስሎት ይጠግናል።

የተጠየቀው ግን ሁለቱም አይደለም። አስተያየት ሰጪ በእርግጠኝነት የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ እሱ ራሱ ሲያነብ ምን እንደሆነ። የት ላይ ገባው? የት ላይ ጠፋው? የትኛውን ዓረፍተ ነገር አላመነም? የት ላይ ሰለቸው? ይህን በግልጽ ካመጣ ሥራውን ሠርቷል። መፍትሔው የጸሐፊዋ ነው። እሷ የምታውቀውን ሁሉ እሱ አያውቅም። እሱ እንደ እንግዳ ያነበበውን ደግሞ እሷ እንደዚያ ልታነበው አትችልም።

ልዩነቱን በምሳሌ እንየው። "ይሄ ክፍል ደካማ ነው" የሚል ኮመንት ለማንም አይጠቅምም። "ይህን አንቀጽ እንዲህ በይው" ብሎ አዲስ አንቀጽ መለጠፍ ትንሽ ይሻላል፤ ግን ችግሩ ምን እንደሆነ አይናገርም። ይህን ደግሞ አንብቡት፦ "ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ማወቅ የፈለግኩት የላክሁት ገንዘብ የት እንዳለ ነበር። እስከ አምስተኛው አንቀጽ አላገኘሁትም።" ጸሐፊዋ ከዚህ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለባት ለመገመት አትቸገርም። ማንም አልሰደባት፣ ማንም አላሞገሳት። አንድ ሰው ሲያነብ የሆነውን ነገራት።

የመጀመሪያ ንባብ አይደገምም

ፕሮግራመሮች አስተያየት መስጠት የሚለምዱት አንዱ የጻፈውን ኮድ ሌላው ከሚያይበት፣ ከኮድ ሪቪው ነው። ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ሌላ ዓይን ሳያየው የማንም ኮድ ወደ ሲስተሙ አይገባም። አስተያየቱ በኮዱ ላይ እንጂ በሰውየው ላይ አይደለም። ግን አንድ ነገር ያጎድላል። ኮዱ ሰው ጋ ከመድረሱ በፊት ማሽኑ ፈትሾታል። ወደ ማሽን ቋንቋ ተተርጉሟል (ኮምፓይል ሆኗል)፣ የሙከራ ፍተሻዎቹን (ቴስቶቹን) አልፏል። ስለዚህ ሪቪው የሚያደርገው ሰው መስመር በመስመር ቢሄድ ችግር የለውም፤ ቢያንስ ነገሩ እንደሚሠራ ያውቃል።

ጽሑፍ እንዲህ ያለ ቴስት የለውም። ያለው ብቸኛ ፈተና ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ሰው ነው። ይህ ደግሞ የሚያልቅ ነገር ነው። አንድ ሰው አንድን ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነበው አንዴ ብቻ ነው። በሁለተኛው ንባብ ላይ የጎደለውን ከራሱ ይሞላል፤ ግራ ያጋባውን አሁን ያውቀዋል። "አሁን ግልጽ ሆኗል" ሲላችሁ ጽሑፉ ይሁን የጠራው እሱ ራሱ ለምዶት ይሁን መለየት ያቅታል።

ስለዚህ ረቂቅን በአንድ ጊዜ ለስምንት ሰው መላክ ብክነት ነው። ስምንቱም ያንኑ ጥሬ ረቂቅ ያነባሉ፣ ስምንቱም ያንኑ ግልጽ ጉድለት ይነግሯታል፣ ለተሻሻለው ረቂቅ ትኩስ ዓይን አይቀርም። የሚሻለው መጀመሪያ ለሁለት ሰው መላክ ነው። አንዱ ሲስተሙ ሲወድቅ እዚያው የነበረ፤ የተጻፈው እውነት መሆኑን እሱ ያያል። ሌላው ምንም የማያውቅ፤ የተጻፈው መግባቱን እሱ ያያል። ሁለቱን ሥራ አንድ ሰው ሊሠራቸው አይችልም። ከዚያ በኋላ ለሌሎቹ።

ከነዚህ ሰዎች መካከል ብዙ ቡድን የሚረሳው የጥሪ ማዕከሉን ሰው ነው። ኢንጂነሩ ዳታቤዙ ለምን እንደወደቀ ያውቃል። ስልክ የምታነሳው ልጅ ግን ደንበኛው የሚጠይቀውን ጥያቄ በቃሉ ታውቀዋለች። "ሁለቴ ተቆርጦብኛል፣ ይመለሳል ወይ?" ረቂቁ ይህን ካልመለሰ፣ ነገ ስልኩ የሚጮኸው እሷ ጋ ነው። ረቂቁን ከሥራ አስኪያጁ በፊት ለእሷ ብታሳዩ አትጎዱም።

ከላይ ወደ ታች

አስተያየት ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ፣ ጽሑፉ የሚለው ነገር እውነት ነው ወይ? ለማን ነው? ዋናው ነገር አለበት ወይ? ቀጥሎ የአቀራረቡ ቅደም ተከተል። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩ። ፊደሉና ነጠላ ሰረዙ መጨረሻ ላይ። ግድግዳው ሳይቆም ስለ ቀለሙ የሚከራከር ሰው ቤት አይሠራም። ነገ ሊሰረዝ የሚችልን አንቀጽ ዛሬ ማረም ጊዜ ማባከን ነው። ይባስ ብሎ ጸሐፊዋ ያረመችውን አንቀጽ ለመሰረዝ ትሳሳለች።

የሀሌታው ሀ፣ የሐመሩ ሐ፣ የብዙኃኑ ኀ ጉዳይም እንዲሁ ነው። የአማርኛ ጽሑፍ ላይ ኮመንት ከሚበላው ጉልበት ብዙውን ይሄ ይወስዳል። አንዴ ተስማምቶ አንድ ገጽ ላይ መጻፍና መገላገል ነው። የትኛውንም ምረጡ፤ ብቻ በየረቂቁ አትጨቃጨቁበት።

አሁን ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር እንውረድ። ገንዘብ የሚያስተላልፍ መተግበሪያ አለ እንበል። ማክሰኞ ለሁለት ሰዓት ተኩል ቆመ። ረቂቁ እንዲህ ይጀምራል፦ "በዕለተ ማክሰኞ ባጋጠመ ቴክኒካዊ እክል ምክንያት በአገልግሎታችን ላይ መጠነኛ መስተጓጎል የተፈጠረ ሲሆን ለደረሰብዎ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።" ይህን ዓረፍተ ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። በየማስታወቂያው፣ በየኤስኤምኤሱ አንብበነዋል። ሰዋስዉ ላይ የሚያዝ ነገር የለም። ፊደል የሚያርም ሰው አንዲት ኮመንት ሳይጽፍ ያልፈዋል።

አንባቢ ሆኖ የመጣ ሰው ግን ይደናቀፋል። "መጠነኛ" ያለው ማነው? ገንዘቡ መንገድ ላይ ለቀረበት ሰው መጠነኛ አይደለም። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? ምኑ ነው የቆመው፣ መላክ ነው ወይስ መቀበልም? እክሉ "አጋጠመ"፣ መስተጓጎሉ "ተፈጠረ"፣ መጉላላቱ "ደረሰ"። ሁሉም ነገር በራሱ ጊዜ የመጣ ይመስላል፤ ያደረገው የለም። እነዚህ ጥያቄዎች ሲመለሱ ዓረፍተ ነገሩ ይለወጣል፦ "ማክሰኞ ጠዋት ከ3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል በመተግበሪያችን ገንዘብ መላክ አይቻልም ነበር። ምክንያቱ ሰኞ ማታ እኛ ያደረግነው የሲስተም ለውጥ ነው። በዚያ ሰዓት ሁለቴ የተቆረጠባችሁ ሰዎች ገንዘባችሁ ተመልሷል።" ጽሑፉ ረዝሟል። ግን ስልኩ ይቀንሳል።

ሰዓት ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ እኛ ጋ ልዩ ጣጣ አለው። ሰርቨሮች ብዙ ጊዜ የሚመዘግቡት በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነው። አዲስ አበባ ከዚያ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ሰርቨሩ የሆነውን የሚመዘግብበት ሎግ ላይ 06:00 የሚለው፣ አዲስ አበባ ያለ ኮምፒውተር ላይ 9:00 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። አንድ ቅጽበት፣ ሦስት ቁጥር። ኢንጂነሯ ከሎጉ ገልብጣ "ከ6:00 ጀምሮ" ብትጽፍ መርካቶ ያለው ነጋዴ እኩለ ቀን ይመስለዋል። ዋሽንግተን ሆና ገንዘብ የላከችለት እህቱ ደግሞ የራሷን ማለዳ ታስባለች። ሎጉን ሲያዩ የከረሙት ኢንጂነሮች ይህን አያዩትም፤ ዓይናቸው ለምዶታል። የሚያየው ምንም የማያውቀው ሰው ነው።

"ማነው ያጠፋው?"

የፖስትሞርተም ረቂቅ ላይ በጣም አስቸጋሪው ኮመንት ስለ ሰው የሚነሳው ነው። ስሙ ይጠቀስ? አይጠቀስ? "የሰው ስህተት ነው" ብለን እንለፈው?

የፕሮግራመሮችን ኮድ የሚያስቀምጠው ጊትላብ የተባለው ኩባንያ የደረሰበት በሙያው ሰፈር የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ ኢንጂነሩ ችግር ለመፍታት ሲሯሯጥ፣ ሌላ ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች አጠፋ። 300 ጊጋባይት ገደማ ነበር። በሰከንዶች ውስጥ ነቅቶ ትእዛዙን ሲያቆም የቀረው 4.5 ጊጋባይት ነው። በየጊዜው መወሰድ የነበረበት መጠባበቂያ ቅጂ፣ ባክአፕ፣ ሲፈለግ የለም። ኩባንያው ማገገሚያውን ለሕዝብ ክፍት በሆነ ሰነድና በዩቲዩብ በቀጥታ አሳየ። ፌብሩዋሪ 10 ላይ ደግሞ ሙሉ ዘገባውን አወጣ። በዘገባው ውስጥ ያ ሰው ስም የለውም፤ "የቡድን አባል 1" ነው።

ስሙን ማስቀረት ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ዘገባው "ሰው ተሳሳተ" ብሎ አላበቃም። አምስቱ ለምን የሚባለውን ዘዴ ይዞ፣ ለምን እያለ ቁልቁል ሄደ። ባክአፑ ለምን አልነበረም? ባክአፕ የሚወስደው መሣሪያ የድሮ ስሪት፣ 9.2 ነበር፤ ዳታቤዙ ግን 9.6። ስለዚህ በየጊዜው ይከሽፍ ነበር። ለምን አልታወቀም? የመክሸፍ ማስጠንቀቂያው በኢሜይል ይላካል፤ ኢሜይሉ ግን የላኪ ማረጋገጫ ስላልነበረው ተቀባዩ ሲስተም ይመልሰው ነበር። ያዳናቸው ከአደጋው 6 ሰዓት ገደማ በፊት በሌላ ምክንያት በእጅ የተወሰደ ቅጂ ነው። የ6 ሰዓት ሥራ ጠፋ፤ ወደ 5,000 ፕሮጀክቶች፣ ወደ 5,000 ኮመንቶች፣ ወደ 700 አዳዲስ ተጠቃሚዎች ተነኩ። ቁጥሮቹም በዘገባው ውስጥ ናቸው።

አማዞንም በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ 28 የፋይል ማስቀመጫ አገልግሎቱ፣ ኤስ3፣ ሲወድቅ ተመሳሳይ ነገር ጽፏል። ሠራተኛው ትእዛዝ ሲጽፍ ተሳሳተ፣ ከታሰበው በላይ ሰርቨሮች ከሥራ ወጡ። ቀጥሎ ግን መሣሪያው ያን ያህል ሰርቨር በዚያ ፍጥነት ማውጣት መፍቀዱን ይናገራል፤ ይህንም እንዳስተካከሉት።

አስተያየት ሰጪ እዚህ ላይ የሚጠቅመው እንደ ጥሩ ጠያቂ ነው። ረቂቁ "በሠራተኛ ስህተት" ብሎ ነጥብ ሲያስቀምጥ፣ "እሺ፣ ሲስተሙ ለምን ፈቀደለት?" ብሎ ኮመንት ማድረግ። "ማነው?" ብሎ መጠየቅ ግን ጽሑፉን አያሻሽልም። የሚቀጥለውን ሰው አፍ ብቻ ይዘጋል። ነገ ሌላ ነገር ሲበላሽ ያየ ሰው ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም ይላል።

ግድ ነው ወይስ ባይሆንም ይቅር?

ሠላሳ ኮመንት የደረሳት ጸሐፊ ትልቁ ችግሯ ሁሉም እኩል መስለው መታየታቸው ነው። "ይህ ቁጥር ስህተት ነው" እና "እዚህ ጋ ሌላ ቃል ብወድ ነበር" ጎን ለጎን በአንድ ዓይነት ሣጥን ይቀመጣሉ።

ኢንተርኔትን የገነቡት ሰዎች ይህ ችግር ገጥሟቸው ነበር። የኢንተርኔት ደንቦች የሚጻፉባቸው ሰነዶች አርኤፍሲ ይባላሉ፤ ትርጉሙ "አስተያየት እንፈልጋለን" እንደማለት ነው። የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 1969 የጻፈው ስቲቭ ክሮከር የተባለ የሎስ አንጀለስ ተማሪ ነበር። በ1997 የወጣው ቁጥር 2119 ደንቦቹ ውስጥ የሚገቡ ቃላትን ክብደት ለየ። ግድ የሆነው አንድ ቃል አለው። በቂ ምክንያት ከሌለ በቀር መደረግ ያለበት ሌላ ቃል አለው። እንደ ምርጫ የተተወው ሦስተኛ ቃል አለው።

ይህን ወደ ኮመንት ማምጣት ይቻላል። እያንዳንዱ ኮመንት ፊት አንድ ቃል ማስቀመጥ ነው። "ግድ"፦ ይህ ሳይስተካከል መውጣት የለበትም። ውሸት ነው፣ ወይም የደንበኛን መረጃ ያጋልጣል። "ቢሆን"፦ እኔን አደናቅፎኛል፣ ግን አንቺ ወስኚ። "ጣዕም"፦ የእኔ ምርጫ ነው፣ ብትተይውም አልቀየምም። ኮድ ሪቪው ላይ "ኒት" የሚሉት ይህን ሦስተኛውን ነው። የሚገርመው፣ ሰው ኮመንቱን ለመመደብ ሲገደድ ግማሹን ራሱ ይሰርዘዋል።

የአርኤፍሲ አነሳስ ሌላም ነገር አለው፤ ይሄኛው በቀጥታ እኛን ይመለከታል። ክሮከርና ጓደኞቹ ወጣት ተማሪዎች ነበሩ። ደንብ የማውጣት ሥልጣን ማንም አልሰጣቸውም። "ማን ፈቀደላችሁ?" የሚል ትልቅ ሰው ይመጣብናል ብለው ሰጉ። ለዚህም ነው ጽሑፋቸውን "ደንብ" ሳይሉ የአስተያየት ጥያቄ ያሉት። በሦስተኛው አርኤፍሲ ላይም ጽሑፎቹ ተወልውለው ከሚዘገዩ በጊዜው ቢደርሱ እንደሚመረጥ ጻፉ። ይሉኝታቸውን ወደ ግብዣ ለወጡት ማለት ይቻላል።

የእኛ ይሉኝታ ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ይሠራል። ረቂቁን የጻፈው የቡድኑ መሪ ከሆነ፣ በዕድሜም ትልቅ ከሆነ፣ ጀማሪው ልጅ ምን ይበል? "ጋሼ፣ ሁለተኛው ገጽ አልገባኝም" ማለት "ጽሑፍህ መጥፎ ነው" ማለት ይመስለዋል። ስለዚህ "በጣም ጥሩ ነው" ይላል። አለቃውም ያምነዋል።

ይህን በምክር አታሸንፉትም። "ነጻ ሆናችሁ ተናገሩ" ያለው አለቃ ሁሉ ነጻ አስተያየት አግኝቶ አያውቅም። የሚሠራው ጥያቄውን መለወጥ ነው። "እንዴት ነው?" ብሎ መጠየቅ ሙገሳ መለመን ነው። "የት ጋ ስትደርስ ማንበብ አቆምክ?" ብሎ መጠየቅ ግን ሌላ ነው። ጥያቄው ራሱ ማቆሙን ፈቅዷል። ወይም ሥራ መስጠት፦ "አንተ ተቆጥቶ የሚያነብ ደንበኛ ሆነህ አንብብልኝ።" ልጁ አሁን የሚናገረው በራሱ ስም አይደለም፣ በደንበኛው ስም ነው። አፉ ይፈታል። ትልቁ ሰው ደግሞ ኮመንቱን መጨረሻ ላይ ያስገባ። ቀድሞ ከጻፈ ሌሎቹ የእሱን ይደግማሉ።

ለተቀባይዋ

አስተያየት መቀበል ከመስጠት ይከብዳል። የመጀመሪያው ፈተና "ግን እኮ..." የሚለው ነው። አንባቢው "እዚህ ጋ አልገባኝም" ሲል ጸሐፊዋ ወዲያው ታስረዳዋለች። ገባው። ተመስገን ተባለ። ጽሑፉ ግን አልተለወጠም። ነገ የሚያነቡት ሰዎች እሷን ጎናቸው አያገኟትም። በኮመንት ሣጥን ውስጥ የተሰጠ መልስ ሁሉ ጽሑፉ ውስጥ መግባት የነበረበት መልስ ነው።

ሁለተኛው፣ ሦስት ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ሲደናቀፉና ሦስት የተለያየ መፍትሔ ሲሰጡ ነው። አንዱ "አሳጥሪው" ይላል። ሌላው "ምሳሌ ጨምሪ"። ሦስተኛው "ወደ ላይ አውጪው"። ሦስቱንም ለማስደሰት መሞከር ጽሑፉን ይገድላል። ቦታው መበላሸቱን እመኗቸው፤ በመፍትሔው ላይ ግን ሦስቱንም አለመስማት ይቻላል። ምናልባት ችግሩ ከዚያ በፊት ባለው አንቀጽ ላይ ያልተብራራ አንድ ነገር ሊሆን ይችላል። "አልገባኝም" ያለ ሰው ተሳስቷል ማለት አይቻልም። "እንዲህ በይው" ያለው ግን ሊሳሳት ይችላል።

ያልተቀበለችውን ዝም ብላ አትዝጋው። አንድ መስመር ይበቃል፦ "አልለወጥኩትም፤ ቁጥሩ ገና ስላልተጣራ ነው።" አስተያየት የሰጠው ሰው ጊዜውን ሰጥቷል። ኮመንቱ ያለ ቃል ከጠፋ በሚቀጥለው ጊዜ አውራ ጣት ብቻ ነው የሚልከው።

የሕግ ክፍሉና ማናጀሩ ሲመጡ ደግሞ ወሳኙ አንድ ሰው መሆኑ ከመጀመሪያ ይታወቅ። የሕግ ሰው "ይህን ሐረግ አውጡ" ሲል ምን እንደሚያሰጋው ይናገር። ስጋቱ ከታወቀ እውነቱን ሳይደብቁ ሌላ አጻጻፍ ማግኘት ብዙ ጊዜ ይቻላል። ካልታወቀ "መጠነኛ መስተጓጎል" ተመልሶ ይመጣል። በድምፅ ብልጫ የሚታረም ጽሑፍ አይቼ ጥሩ ሲሆን አላየሁም።

ረቂቁን ለኤአይ ሰጥቶ ማሳመርም ተለምዷል። ለፊደልና ለሰዋስው ይሁን። ግን ማሽኑ ሲስተሙ ሲወድቅ የሆነውን አያውቅም። ሻካራ የሆነ የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር አንባቢን ያስቆማል፤ የተወለወለው ግን ሳይታይ ያልፋል። ስለዚህ ካሳመራችሁት በኋላ እዚያ የነበረው ሰው እንደገና ያንብበው።

ከወጣ በኋላ ስህተት ቢገኝስ? ይገኛል። አንድ አርኤፍሲ አንዴ ከወጣ በኋላ አይነካም። ስህተቱ ለብቻው የእርማት መዝገብ ላይ ይጻፋል፤ ለውጡ ትልቅ ከሆነ አዲስ ቁጥር ያለው አዲስ ሰነድ ይወጣል። የሶፍትዌር ቡድን ያን ያህል መጥበቅ የለበትም። የተሳሳተውን ያርም፣ ግርጌው ላይ ግን በስንት ቀን ምን እንደተለወጠ በአንድ መስመር ይጻፍ። በዝምታ ማረም አያዋጣም፤ የተቆጣው ደንበኛ የመጀመሪያውን ስክሪንሾት አንስቶ ይዞታል።